የጅዳው ዓሣና የደባርቁ ሐኪም

ባሕር አይቼ አላውቅም። ካየሁት ውሃ ሁሉ ትልቁ ጣና ነው፤ እሱንም ከጎርጎራ ዳር ቆሜ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። ይኸው እኔ በ2010 ክረምት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ በተሰቀለችው ደባርቅ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጅዳ የሚኖር የቀይ ባሕር ዓሣ በስልክ ሳክም ከረምኩ። ፈቃድ አልነበረኝም፤ ትምህርትም አልነበረኝም። የነበረኝ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ የሃምሳ ብር ካርድ፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጠያቂ አሳፍራ የማታውቅ ምላስ ነው።

ስለ ዓሣው በሽታ ከማውራቴ በፊት የኔን ልናገር፤ ቀድሞ የጀመረው እሱ ነው። “አላውቅም” ማለት አልችልም። ሥራዬ የሰሜን ተራሮችን ማስጎብኘት ነው፤ ቱሪስት ደግሞ ሲፈጥረው ጠያቂ ነው። ያ ወፍ ምን ይባላል? ይህ ቅጠል ለምን ይሆናል? ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት፣ ሳንቃበር ሳንደርስ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቼ “አላውቅም” ብዬ ነበር። ፈረንጁ ቅር ብሎት ጥያቄውን ወደ ስካውታችን አዞረው። ስካውቱ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና “እኔ ምን አውቄ” አለው። ፈረንጁ ደስ ብሎት ደብተሩን አወጣና የወፉን ስም ጻፈ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ፣ በአንድ ሰው መደርደሪያ ላይ፣ “እኔ ምን አውቄ” የሚባል የሰሜን ወፍ አለ።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እፊቴ ቆሞ ሌላ ሰው የሚጠይቅ ቱሪስት እንዳይኖር ማልኩ። በጉም ቀን ሳይቀር ራስ ዳሸንን ያሳየኋቸው ብዙ ናቸው። ጣቴን ወደ ነጩ ነገር ቀስሬ “4,533 ሜትር” እላለሁ፤ እነሱም ጉሙን ፎቶ ያነሡታል። ይህ ልማድ ተራራ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ማንንም አይጎዳም ነበር። ሰው ግን ምላሱን ሥራ ቦታ ጥሎት አይመጣም።

ታናሽ እህቴ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። በዚያ ሐምሌ መጀመሪያ ማዳምና ቤተሰቧ ለሁለት ወር እረፍት ወደ ውጭ ሲወጡ፣ ቤቱን፣ ድመቱንና ሳሎን ውስጥ የቆመውን አራት መቶ ሊትር የመስታወት ባሕር ለሷ ትተውላት ሄዱ። መኖ በቀን ሁለት ጊዜ፣ መብራቱ በዚህ ሰዓት ይበራል፣ በዚህ ሰዓት ይጠፋል፤ የተነገራት ይኸው ነው። ውሃውን በየጊዜው እየመጣ የሚያይ ሰው አለ ተብሏል፤ እሱም እረፍት ላይ ነው፤ ስልኩ አይነሣም። አንድ ነገር ግን በደንብ ተነግሯታል፤ ሐምራዊው ዓሣ ከሞተ ዋጋው ከደመወዟ ይታሰባል።

በሦስተኛው ቀን በኢሞ ደወለች። ደባርቅ ዝናብ እየወረደ ስለነበር ድምፅዋ ቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው።

“ወንድምዓለም፣ ውሃው ጎደለ እኮ። ሁለት ጣት ወረደ። ምን ልጨምርበት?”

እዚህ ላይ “ቆይ ሰው ልጠይቅ” ቢባል ምን ነበረበት? አጠገቧ የተጣራ ውሃ የምታወጣበት ቧንቧ አለ። ከቁም ሣጥኑ ሥር ደግሞ የባሕር ጨው የሞላ ባልዲ አለ፤ ለአንድ ሊትር ስንት ግራም እንደሚበጠበጥ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ 35 ግራም ይላል። አነበብኩት። አንብቤ መቻሌ ራሱ እውቀት መሰለኝ።

“እታለም፣ የባሕር ውሃ ሲጎድል የሚጨመርበት የባሕር ውሃ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ጠላ ሲጎድል ውሃ ይጨመርበታል እንዴ?” አልኳት።

በምሳሌዬ በጣም ረካሁ። ጠላ የሚሸጡ ሰዎች የሚያደርጉት በትክክል ይህንኑ መሆኑ ትዝ ያለኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። እህቴም የታዘዘችውን የምትፈጽም ናት። በጅዳ ሙቀት፣ ሌት ተቀን በሚነፍስ ኤርኮንዲሽነር ሥር በየቀኑ አራት ሊትር ያህል ይተንናል፤ እሷም በየቀኑ አራት ሊትር ጨው ያለው ውሃ በጥብጣ ትጨምርበታለች።

ሐምሌ 20 ቀን እንደገና ደወለች። “ሐምራዊው ላይ ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። ነጭ ነጭ ነጠብጣብ። ደግሞ እንደ እከካም በግ ድንጋይ ላይ ይተሻሻል።”

ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠግታ አሳየችኝ። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ መልኩ እንደ ጳጳስ ካባ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ወገን ጅራቱ ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ ስላለው ዓረቦቹም እንግሊዞቹም በየቋንቋቸው ቀዳጅ ሐኪም ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ በዚያ ጉዳይ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ የሕክምና ማዕረግ ያለው በሽተኛው ብቻ ነበር።

“ጨው የተነሰነሰበት መሰለ” ስትለኝ ምን እንዳልኳት ልናዘዝ። “ጨው በዝቶበት ላዩ ላይ ወጥቶ ይሆናላ!” ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በዚያ ክረምት ከእውነቱ አጠገብ የደረስኩት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው። ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት በቁም ነገር የተናገርኩት ሁሉ ከዚያ ቀልድ የራቀ ነበር።

ወዲያው ከሐምራዊው ኋላ አንድ ጥንድ ዓሣ ብቅ አለ፤ ብርቱካንማ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ነጭ መስመር። “ይኼንንማ አውቀዋለሁ!” ብዬ ጮህኩ፤ ይህኛው እውነት ነው። ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው አለ፤ ገደላችን ላይ ከሚያንዣብቡት አሞሮች አንዱ በስሙ ስለሚጠራ አስጎብኚ ሁሉ ስሙን ያነሣዋል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1835 ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ይህንን የቀይ ባሕር ዓሣ “ባለ ሁለት መቀነት” የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አውጥቶለታል። ይህን አንድ ዓሣ አጥኚ ቱሪስት ጭነቅ ላይ እሳት እየሞቅን ነግሮኝ ነበር። ስለ ባሕር የማውቀው ነገር በጠቅላላ ይኸው ነው። እኔ ግን ዋልያን ያወቀ ሰው ዓሣውንም ካወቀ፣ ዋልያን የማስጎበኝ እኔም ዓሣውን ባውቅ ምን ይገርማል አልኩ። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራልኝ አእምሮ ነው ያለኝ።

የመጀመሪያ ምርመራዬ እከክ ሆነ። ይተሻሻላል ብላለች፤ በግ ሲተሻሽ እከክ ነው። መድኃኒት? እናቴ በልጅነታችን ለሚያሳክክ ነገር ሁሉ ቅባት ነበር የምትለን። “የኑግ ዘይት ባይኖር ሌላ ዘይት በጥጥ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ቀቢው” አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። “ወንድምዓለም፣ ዓሣ ዘይት ከቀባሁማ የሚቀረው መጥበስ ነው እኮ።”

ይህን መድኃኒት ተውነው።

ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት ነው። እኛ ደገኞች ጉንፋን ቢሆን፣ ሆድ ቢሆን፣ ቡዳ ቢሆን፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት የሚታከም ነገር አናውቅም። ጨፍልቃ በጭማቂው መኖውን እንድትነክርለት አዘዝኳት። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ጠፋ። አንድም አልቀረም! ሐምራዊው እንደ አዲስ ልብስ አንጸባረቀ። እህቴ በስልክ እልል አለች። እኔ ደባርቅ አረቄ ቤት ገብቼ ለስድስት ሰው ከፈልኩ፤ ከስድስቱ አራቱ ዓሣ በልተው የማያውቁ ናቸው፤ ስለ ባሕር ዓሣ ሕክምና ግን ያን ቀን በሚገባ ተማሩ። አንዱማ “ይህን በነጭ ሽንኩርት ማዳንህን ለዩኒቨርሲቲው ብትነግራቸው” አለኝ። “እያሰብኩበት ነው” አልኩት። ወደ ውስጤ ብታዩ በእርግጥም እያሰብኩበት ነበር።

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ አረቄዬን ዋጥ አድርጌ ቤቴ እገባ ነበር። ነጠብጣቡ ክሪፕቶካሪዮን የሚባል በዓይን የማይለይ ጥገኛ ፍጥረት ቆዳው ሥር ገብቶ የፈጠረው እብጠት ነው። አኗኗሩ የመዥገር ነገር ይመስላል፤ ዓሣው ላይ ለጥቂት ቀን ይመገባል፣ ሲጠግብ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ወድቆ ግን አይሞትም። አሸዋው ውስጥና ድንጋዩ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ይተኛል፤ ከአንዱ ቅርፊት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይወጣሉ፤ እነሱም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ባሕር ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ሳያገኝ ይቀራል። አራት መቶ ሊትር ውስጥ ግን ዓሣው የት ይሸሻል? ስለዚህ ነጠብጣቡ ሲጠፋ በሽታው አልዳነም፤ ሊበረክት ሄዷል። እኔ አረቄ የከፈልኩት ለአራሶቹ ነበር።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ቀን ሐምራዊው ነጭ ለበሰ። አሁን እሱ ብቻ አይደለም፤ ባለ መቀነቶቹም ጥቂት ጥቂት ጀምሯቸዋል፤ አንድ ቢጫ ዓሣም አለ፤ እሱም ጥግ ይዞ እንደሮጠ ሰው ያለከልካል። እህቴ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። “አንተ ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ” አለች፤ ይችው ናት።

ያን ሌሊት በስልኬ አነበብኩ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ በጉም ውስጥ። አንብቤም አንዲት ቃል ይዤ ወረድኩ፤ መዳብ። ይህን ጥገኛ መዳብ ይገድለዋል። ቃሉ እውነት ነው። ከቃሉ ቀጥሎ የነበሩትን ሦስት አንቀጾች ግን አላነበብኳቸውም፤ ቃሏን ካገኘሁ ምን ላድርጋቸው? ጎህ ሲቀድ ደወልኩ።

“እቤት ውስጥ የመዳብ ዕቃ አለ?”

“የማዳም የቡና ጀበና መዳብ ነው።”

“ባሕሩ ውስጥ ንከሪው፣ አሳድሪው።”

“እምቢ” አለች። “ያንን ጀበና ከነካሁባት ከዓሣው በፊት የምሞተው እኔ ነኝ።”

ከኔ ሕክምና ያንን መስታወት ሙሉ ሽሪምፕና ኮራል ያዳነው የማዳም ጀበና ነው። ባላነበብኳቸው ሦስት አንቀጾች ውስጥ እንዲህ ይል ነበር፦ መዳብ ለዓሣው መድኃኒት፣ አከርካሪ ለሌለው ሁሉ መርዝ ነው፤ ትንሽ ካነሰ ጥገኛውን አይነካውም፣ ትንሽ ከበዛ ዓሣውን ይገድላል፤ አሸዋና ድንጋይ እየመጠጡ ስለሚያዛቡትም ዓሣው ለብቻው በሌላ ዕቃ ወጥቶ፣ በየቀኑ እየተለካ ይሰጣል። ጀበና ይነከር የሚል የለም።

ነሐሴ 5 ቀን፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ፣ አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ገባ፤ ጎንደር የተማረ፣ በየቀበሌው እየዞረ ከብት የሚከትብ ልጅ ነው። ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ግን ለኔ ነው ብል ከአረቄ ቤቱ ዝና በኋላ እንዴት ይሆናል? “አንድ ቱሪስት ጠይቆኝ ነው” አልኩት። ቱሪስት በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን እንደማይወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም አላለኝም።

ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ “የባሕር ዓሣ አክሜ አላውቅም፤ አላውቀውም” አለ። እንዲሁ፣ ስኳሩን እያማሰለ። ፊቱን አየሁት፤ አልቀላም፣ አላፈረም። ከኔ ጋር የምትኖር ምላስ ይህችን ቃል ለማውጣት ስምጥ ገደል መዝለል የሚሆንባት፣ እሱ ከሻዩ ጋር ፉት አደረጋት። ከዚያ ቀጠለ፦ “ግን በግ ቢሆን የምጠይቀውን ልጠይቅህ። በቅርብ አዲስ የገባ እንስሳ አለ? ሁሉም ነው የታመመው ወይስ አንዱ? የሚጠጣው ውሃስ ምንድን ነው፣ የለካው አለ?”

ሦስት ጥያቄ። እኔ ሦስት መድኃኒት አዝዤ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር።

አዲስ የገባ ነበር። እህቴን ስጠይቃት፣ ቤተሰቡ ከመሄዱ አራት ቀን በፊት የማዳም ልጅ ያንን ቢጫ ዓሣ ከገበያ ገዝቶ በቀጥታ አስገብቶታል። ለየት ባለ ዕቃ ሳይቆይ፣ ሳይታይ። በሽታውን ይዞ የመጣው እሱ ነው ማለት ይቻላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጥፋተኛ በመሆኑ ደባርቅ ላይ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ጮቤ ረገጠ። ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የውሃውን፣ በደስታ ረሳሁት።

ነሐሴ 7 ቀን ዳባት እናቴ ዘንድ ወረድኩ። ፍልሰታ ነው። እናቴ ሽሮ ጥዳ፣ “እሳቱን ጠብቀኝ” ብላ ለቅዳሴ ሄደች። እኔ ስልኬ ላይ ነኝ፤ ዓሣው ነጠብጣቡ እንደ ጨው ከሆነ አንድ በሽታ፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ሌላ በሽታ፣ ቆዳው የሚላጥ ከሆነ ሦስተኛ በሽታ መሆኑን እያነበብኩ ነው። ሽሮው እየተንተከተከ፣ እየተንተከተከ፣ ሄደ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ፣ ሰዓቱ ደርሶ፣ በእንጀራ ጠቀስ አድርጋ ቀመሰችና ፊቷን ቋጠረች።

“ምን ጨመርክበት?”

“ምንም።”

“ተንኖ ጨው ብቻ ቀርቷል! ተነሣ፣ ከማሰሮው ፍል ውሃ ጨምርበት።”

ውሃውን በጣሳ ቀዳሁ። ድስቱ ላይ ደረስኩ። አልጨመርኩትም፤ ቆምኩ።

“ምን ሆንክ? አፍስሰው እንጂ!”

ውሃው ሲተንን ጨው አብሮ አይሄድም። ይህን የማያውቅ ሕፃን አለ? በዚያ ላይ እኔ የተወለድኩት የት ነው? ሊማሊሞን እየወጣ አሞሌ ወደ ጎንደር በሚገባበት በአሮጌው የነጋዴ መንገድ ላይ ነው። አሞሌ ማለት ምንድን ነው? ባሕር ገብቶበት፣ ውሃው ሄዶ፣ ጨው የቀረበት የአፋር ምድር ተፈልጦ ማለት ነው። አያቶቻችን ባሕር ሳያዩ የባሕርን አጥንት በእጃቸው እያገላበጡ ገበያ ውለዋል። የልጅ ልጃቸው ግን ለአንድ ወር የባሕር ውሃ ሲጎድል ጨው እየጨመረ ቆየ።

በእናቴ የሒሳብ ማስታወሻ ጀርባ ላይ ደመርኩት፤ የዕቁብ ስም ዝርዝር መሐል። በቀን አራት ሊትር፣ ሠላሳ ቀን፣ 120 ሊትር። በሊትር 35 ግራም፣ 4,200 ግራም። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ትርፍ ጨው! ለአራት መቶው ሊትር ሲካፈል በሊትር 10.5 ግራም። በ35 የጀመረው ውሃ ከ45 አልፏል። ከዓለም ባሕሮች ጨዋማ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቀይ ባሕር ራሱ 40 ገደማ ነው። ጥገኛውን ያመጣው ልጁ ይሁን፤ ሐምራዊውን አቅም አሳጥቶ፣ እጅና እግሩን አስሮ ያቀረበለት ግን እኔ ነኝ። ዓሣ እጅና እግር እንደሌለው አውቃለሁ።

እናቴ “ዛሬም ዓሣ ነው?” አለች። “በጾም ስለ ዓሣ ይህን ያህል ማሰብህ ራሱ ንስሐ ያስገባል።” ንስሐ መግባት እንዳለብኝ አልጠፋኝም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር።

አሁን ከሁሉ የማፍርበትን ልናገር። ደጅ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። ልቤ “ጥፋቱ የኔ ነው በላት” ይላል። አፌ እንዲህ አለ፦ “እታለም፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጨመረው የተጣራው ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው የለበትም። አዲስ ጥናት ወጥቷል።”

አዲስ ጥናት! የእናቴ ሽሮ።

እሷም “እሺ” አለች። እሺ ያለችበት ቃና ግን ልማደኛዋ እሺ አልነበረችም። በማግስቱ ሳትነግረኝ፣ ከውሃው በጠርሙስ ቀድታ፣ ከዓሣው ቪዲዮ ጋር ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። ሻጩ ውሃውን ጠብ አድርጎ ትንሽ የሩቅ መነጽር በመሰለ መለኪያ ወደ ብርሃን አየበትና፣ መለኪያውን ጠርጎ እንደገና አየበት። በዓረብኛ ምን አላት መሰላችሁ? “ይህን ያህል ጨው እንድትጨምሪ ማን አዘዘሽ?”

“ማንም፤ ከራሴ ነው” ብላ መለሰች።

ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ሳትቆጣ፣ እንደ ገበያ ዋጋ። አጠገቤ ብትሆን እግሯ ላይ እወድቅ ነበር ልበል? አልወድቅም ነበር። “መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል” ልል ጥቂት ነበር የቀረኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና የሻጩና የእህቴ ነው። ጨዋማውን ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ በተጣራው ውሃ ተኩ፤ በአንድ ጊዜ ቢደረግ ኮራሉንና ቀንድ አውጣውን ይጎዳልና። ልብስ ማጠቢያ የሚያህል ሳፋ ውስጥ አሸዋም ድንጋይም የሌለበት ውሃ ተዘጋጀ፤ የአየር መንፊያና ማሞቂያ ገባበት፤ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደዚያ ወጡ። መዳቡን በመለኪያ እያየች በቀን ሁለት ጊዜ ትመዘግባለች። ትልቁ መስታወት ደግሞ ያለ ዓሣ ባዶውን እንዲከርም ተፈረደበት፤ አሸዋው ውስጥ የተኙት ሁሉ ተፈልፍለው፣ የሚጣበቁበት አጥተው እንዲያልቁ። ዓሣ አርቢዎች ለዚህ 76 ቀን ያህል ይጠብቃሉ።

ሐምራዊው በሁለተኛው ቀን ሌሊት ሳፋው ውስጥ ሞተ። ቢጫው ዳነ፤ ባለ መቀነቶቹም ዳኑ። ፍትሕ ካላችሁ በሽታውን ያመጣው ቢጫው ነበር መሞት የነበረበት፤ ወይም እኔ።

ማዳም ጳጉሜን ላይ ስትመለስ ሳሎኗ ውስጥ ዓሣ የሌለበት ባሕር፣ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ደግሞ በሳፋ የሚኖሩ ዓሣዎች አገኘች። ሻጩ ለእህቴ በስልክ ተሟገተላት፤ አዲስ የተገዛ ዓሣ ሳይለይ መግባቱን ለማዳም ነገራት። ከእህቴ ደመወዝ አልተቆረጠም። የተቆጡት ልጁን ነው። ያ ልጅ አሁን አድጎ ይሆናል፤ ስለ ጨው አንድም ቃል ሳይሰማ።

እህቴ ከዚያ ወዲህ ለሁለት የሰፈሩ ቤቶች ውሃ ትለካለች፤ ተጨማሪ ገንዘብ ታገኝበታለች። አንዳንዴ ስንደዋወል ድምፅዋን አለስልሳ “ወንድምዓለም፣ ውሃው ጎድሏል፤ ምን ልጨምርበት?” ትለኛለች። ኔትወርኩ እንደተቋረጠ ሰው ዝም እላለሁ።

ለእናቴ ግን ምን ብላ እንደነገረቻት የሰማሁት መስከረም ላይ፣ ለዘመን መለወጫ ዳባት ስወርድ ነው። “ዓሣዎቹን ያዳናቸው ወንድሜ ነው” ብላታለች። ለምን እንዳለች አልጠየቅኋትም። ልትሸፍነኝ ይሆናል፤ ልትበቀለኝም ይሆናል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እሷን የሚያህል ጭንቅላት ያስፈልጋል። እናቴ ለማኅበርተኞቿ ነግራለች፤ ማኅበርተኞቿ ለየሰፈራቸው።

ቡና ሳይፈላ አንዲት ጎረቤት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባች። ነጠላውን ስትገልጠው ዶሮ ናት፤ አንገቷን ደፍታለች፤ ዓይኗ ይከደናል።

“ልጄ፣ ሦስት ቀኗ ነው፣ እህል አልቀምስም አለች። የዓረብ አገር ዓሣ በስልክ እንዳዳንክ እናትህ ነግራኛለች። ይቺማ እዚሁ እፊትህ ናት። ፈንግል ይሆን?”

እናቴን አየኋት፤ እንዲህ ኮርታ አይቻት አላውቅም። የሻይ ቤቱን የእንስሳት ሐኪም አሰብኩ፤ ስኳሩን ሲያማስል። “አዲስ የገባ ዶሮ አለ?” አልኩ።

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። “እንዴት አወቅህ? በበዓሉ ዋዜማ ከገበያ አንድ ገዝቼ፣ ሳላርደው ቀርቼ፣ አብሮ ነው የሚውል!”

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረዋል። ቀጥሎ መባል ያለበትን አውቀዋለሁ፤ ስልክ አንሥቶ ለእንስሳት ሐኪሙ መደወል ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

“ቤትሽ ነጭ ሽንኩርት አለ?” አልኳት።